የድንጋይ ሽበት

ጥቅምት ነው መሐል ሜዳ፤ አመዳይ ሣሩን ነክሶታል፣
የቤተ ሙከራው በር ቁልፉ ጠፍቶ በሽቦ ታስሯል፣
ያለችን አንዲት ማይክሮስኮፕ፣ መስታወቷ ተሰንጥቋል።
ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ወደ ምሥራቅ እናዞራታለን፣
ደመና ከሌለ፣ ከፀሐይ ብርሃን እንበደራለን።

ትርንጎ ዛሬ ድንጋይ ይዛ መጣች፣
ከጓሳ አፋፍ አንስታ በሻሿ ጠቅልላ፤
ቋቁቻ የመሰለ፣ ግራጫ፣ ጠርዙ ቢጫ፣
የድንጋዩን ፊት ወርሶታል ከላይ እስከ ታች።
«መምህር፣ ይሄ ሽበት የማን ወገን ነው?» አለች።

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ በፊት አውቀዋለሁ።
አባቴ ወንድአፍራሽ ርስት ሲሟገት ሰምቼዋለሁ፦
በአባቱ ከማማ፣ በእናቱ ከላሎ፣
በሴት አያቱ ከጌራ ተቀብሎ፣
በዱላው ጫፍ መሬቱን አንድ አንድ እየጫረ፣
ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እየተሻገረ፣
አቅኚው ዘንድ ሲደርስ ዳኛው አንቀላፍቶ ነበረ።
አዋጅ መጣ፤ መሬቱ ሄደ፤ ቆጠራው አፉ ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ ከሩቁ እንጀምር» አልኳት። ጉንጯን በስንጥር ጠረግን፣
ከሽንኩርት ልጣጭ ጎን አድርገን
አንዳንድ ጠብታ አዮዲን ጨመርን።
«አየሽ?»
«ነጥብ አየሁ።»
«አስኳል ነው፤ በሁለቱም ውስጥ አለ፣
የትውልዱ ጽሑፍ እዚያ፣ በሣጥን የተቆለፈ።
ባክቴሪያ ጓዳ የለው፣ ሣጥን የለው፣
ውርሱን ሜዳ ላይ ዘርግቶ አዳሪ ነው።
ሽንኩርትና አንቺ ግን ባለ ጓዳ ናችሁ፤
ጭላዳው፣ ጅብራው፣ ከአጥር ሥር የበቀለው እንጉዳይ ሳይቀር፣
ቢቆጠር ቢቆጠር አንድ ነው አቅኚያችሁ።

እሱም በዘመኑ አንድ እንግዳ ዋጠ፤
እንግዳው አልተፈጨም፣ ምድጃው ጥግ ተቀመጠ።
ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እሳት ያነዳል፣
የራሱን አጭር ጽሑፍ በብብቱ ይዟል።»

እኔ ስማር እንጉዳይ ከዛፍ ጎን ተጽፎ ነበር።
ይግባኝ አለ። ተመረመረ። ለእኛና ለጭላዳው ይቀርባል
ከጽዱም፣ ከወይራውም ይልቅ።
ፕሮቲስታ የሚሉትም ክፍል ነበር፣
ከእንስሳ የተገፋ፣ ከዕፅ የተገፋ፣ ወገን ያጣ የሚታጎርበት፣
አሜባው ከባሕር አልጌ ጋር ሳይተዋወቅ የሚያድርበት፤
ያ ቤት ፈርሷል።
መማሪያ መጽሐፋችን ገና አልሰማም፤
እኔም እያፈርኩ በየፈተናው እጠይቅበታለሁ።

«ይሄስ?» ድንጋዩን ገፋ አደረገችልኝ።
«እሱ አንድ አይደለም። ፈንገሱ ግድግዳና ጣራ፣
ውስጡ አልጌ አለች፣ ከብርሃን ምግብ የምትሠራ።
ሁለት ነገድ፣ አንድ ጎጆ፣ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ተራራ።»
«ስሙስ?»
«በፈንገሱ ይጠራል።»
ሳቀች።
«ምግቡን የምታበስል እሷ፣ መዝገቡ በባሏ?»

መልስ ፈለግሁ። የፈተና ወረቀት
ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው ያለው፤ የሚከበበው አንዱ ብቻ።
አባቴ ቢኖር ዱላውን ያነሳ ነበር፦
ከሁሉም ሙግቱ የረታው አንዱን ነው፣
እሱም ላሎ፣ በእናቱ።

ደወል ተደወለ። ሻሿን ዘርግታ ድንጋዩን ጠቀለለች፣
«ያነሳሁበትን አውቀዋለሁ፤ ፊቱ ወደ ገደሉ ነበር» አለች፣
«እመልሰዋለሁ። በዓመት ምን ያህል ያድጋል?»
«የጥፍርሽን ጠርዝ ቢያክል ነው።»
ጥፍሯን አይታ ወጣች።

ስሷን ብርጭቆ ላጥብ አነሳሁ፤
የጉንጯ ቆዳና የሽንኩርቱ ልጣጭ
ጎን ለጎን ደርቀዋል፣ በአንድ ቡኒ ቀለም።
እርሳስ ይዤ ነበር፣ ስም ልጽፍ፣
የማንን ከላይ፣ የማንን ከታች እንደማደርግ ሳላውቅ።
ደመና መጣ፤
የተሰነጠቀችው መስታወት
የጠዋት ብድሯን መለሰች።